የሽቦ ሽምግልና

ወዳጄን ጆሮው የከዳው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋበት፤ ቀጥሎ አዛኑ ራቀበት፤ በኋላ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ራቅሁበት። ግራ ጆሮው ጥቂት ትሰማ ስለነበር አፌን አስጠግቼ እሷ ላይ እጮሃለሁ። መንገደኛ ሲያየን የተጣላን ይመስለው ነበር።

እኔ ሐይቅ ከተማ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ሬዲዮ ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በላይ የማውቀው ነገር ሁሉ ከተበላሸ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ የተገኘ ነው። ወዳጄ ግን ከውጫሌ ከፍ ብሎ አምባሰል ላይ ነው ቤቱ። ዕድሜውን በአንድ የርዳታ ድርጅት የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኖ ነው የጨረሰ። እኔ ሸህ ሳልሆን «ሸሁ» እያለ ይጠራኛል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ ጺሜን አይቶ ይሆናል።

ጡረታ ሲወጣ የሰው ድምፅ ናፈቀውና የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጣ። አማተር ሬዲዮ ማለት ንግድ የለበት፣ ትእዛዝ የለበት፣ ሰው ከሰው ጋር ለወዳጅነት ብቻ በአየር ላይ የሚጨዋወትበት ነው። ከባሕር ዛፉ እስከ ቤቱ ጉልላት ሽቦ ዘረጋ፤ ሬዲዮውን በመኪና ባትሪ ያስነሳዋል፤ ዓለምን ይጣራል። በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ባሕር ማዶ አገኘ። አገሩ ሩቅ ነው፤ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ሁለቱም ንብ ያነቡ ነበርና ወሬያቸው ስለ ንብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ይገናኛሉ። የዚያኛው አገር ንብ በብርድ ቀፎው ውስጥ ተጠቅልሎ እንደሚከርም የሰማሁት በወዳጄ በኩል ነው። የእኛ አገር ንብ ኮሶ አበባ እንደሚወድ ያ ሰው የሰማው በእሱ በኩል ነው።

እኔም ቅዳሜ በሚኒባስ ዓሣ ይዤለት እወጣ ነበር። ወዳጄ የሐይቃችንን ዓሣ ሲያይ እንደ ልጅ ነው። መኪናው ውስጥ ግን እሰደባለሁ።

«አባባ፣ ይኼን ሽታ ውጫሌ ድረስ ነው የሚያጓጉዙት?» ይለኛል ረዳቱ።

«ሽታውን ትቼ ዓሣውን ብቻ ባመጣው ደስ ባለኝ፤ አልለቅም አለ» እለዋለሁ።

ጆሮው እየከበደ ሲመጣ የቅዳሜው ወሬ ተቸገረ። አንድ ቀን ያ ሽማግሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን እየደጋገመ እንዲህ አለው፤ «የኔም ጆሮ እየተዘጋ ነው። ወደ ጽሑፍ እንዙር። ክረምታችሁ እስኪወጣ እዚሁ ነኝ። ከዚያ ልጄ ወደ ከተማ ሊወስደኝ ነው፤ ፎቅ ላይ አንቴና አይተከልም።» ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በአንድ ጊዜ ጨልሞም በርቶም ነበር። ገና የሚነጋገሩበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ጊዜው ግን ጥቂት ነው።

ጽሑፉ እንዲህ ነው። ሰው ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ፉጨት ያደርገዋል፤ ሬዲዮው ፉጨቱን ይልከዋል። ማዶ ያለው ኮምፒውተር ፉጨቱን ተቀብሎ እንደገና ጽሑፍ ያደርገዋል። ጆሮ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ኮምፒውተሩን ቀደም ብላ ዐረብ አገር ያለችው ልጁ ልካለት ነበር፤ ያገለገለ ነው፣ ደህና ነው። የጎደለው በኮምፒውተሩና በሬዲዮው መካከል የሚገባው አገናኝ ነው። ነገር የመጣው በዚህ በአገናኙ ነው።

ወዳጄ ስልክ አይሰማም። ስለዚህ ልጅቱ የምትደውለው ለእኔ ነው፤ ስልኩን አንድ ጆሮዬ ላይ አድርጌ በሌላ በኩል እሱ ጆሮ ላይ እጮሃለሁ።

«አጎቴ፣ ንገርልኝ» አለች። «ሙሉውን ሳጥን ነው የምልክለት። ባለሱቁ ለሬዲዮ ሰዎች የሚሸጠው ነው። ድምፁም፣ የመላኪያው መጫኛም ሁሉም እውስጡ አለ። ደግሞ የኮምፒውተሩንና የሬዲዮውን ኤሌክትሪክ ይለያየዋል አለኝ።»

«ሁለቱን ይለያያቸዋል ትላለች!» ብዬ ጮህኩበት።

«ምን ብለው ተጣሉ?» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «አይሆንም በላት። እሷ የሰው ቤት ወለል እየወለወለች ለእኔ መጫወቻ አትገዛም። አንተስ ምን ትሠራለህ? ሬዲዮ ጠጋኝ አይደለህም? ሁለት ገመድ ቀጥልና ከኮምፒውተሩ ጆሮ ወደ ሬዲዮው አፍ አግባልኝ፤ አለቀ።»

ይህን ስነግራት ስልኩ ውስጥ ተንጨረጨረች። «ገመድ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥለው? ወላሂ በላቤ የገዛሁትን! አጎቴ፣ አንተም አብረኸው ነህ እንዴ?»

«ምን አለች?» ይለኛል እሱ።

«ተቆጣች!»

«እኔም ተቆጥቻለሁ በላት!»

እንግዲህ በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲከራከር መሐል ያለ ሰው ዳር ቆሞ አያይም። ሽማግሌ መሆን ግዴታ ነው። የሽምግልና ወጉ ደግሞ የታወቀ ነው። ማን ልክ ነው ተብሎ አይጀመርም። ማን ምን ይተዋል ተብሎ ነው የሚጀመር። ከዚህ በኩል ጥቂት፣ ከዚያ በኩል ጥቂት ትቀንሳለህ፤ ማንም አሸነፍኩ ሳይል፣ ማንም ተሸነፍኩ ሳይል መሐል ላይ ትገናኛለህ። በዚህ ስንት ድንበር አስታርቄያለሁ፤ ስንት ባልና ሚስት መልሻለሁ። እጄ ለምዷል።

ልጅቱ ከሱቁ ያየቻቸውን ዕቃዎች ስትዘረዝርልኝ አንዲት ጣት የምታክል ነገር እንዳለች ነግራኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ጎን ላይ ትሰካለች፤ ድምፅ ታስገባለች፣ ድምፅ ታወጣለች፤ ሌላ ምንም የላትም። ርካሽ ናት። እሷን ያዝኩ።

«ልጄ፣ አንቺ ትልቁን ሳጥን ተዪልኝ፤ ትንሿን ላኪ። የአባትሽም ኮምፒውተር አይነካም፤ ሽቦዬ እሷ ላይ ነው የሚሰካ» አልኳት። ወደሱ ዞሬ ጮህኩ፤ «አንተም ከልጅህ ምንም አልቀበልም ማለትህን ተውልኝ! ትንሿን ተቀበል፤ የቀረውን ገመድ እኔ እሠራለሁ!»

ሁለቱም አጉረመረሙ። «ለዚህ ለጺሜ ስትሉ» አልኩ።

«እሺ፣ ለጺምህ» አለ እሱ።

«እሺ አጎቴ፣ ላንተ ብዬ ነው» አለች እሷ።

ስልኩን ከፍ አድርጌ ይዤ ፋቲሐ ቀራን። እሷ እዚያ፣ እኛ እዚህ፣ እጃችንን ዘርግተን፣ በአንዲት ጣት በምታክል ዕቃ ላይ ዱዓ አደረግን። በዚያ ቀን ወደ ሐይቅ ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁሉም ግማሽ ግማሹን አገኘ ብዬ። ሽቦውን ግን ማን ጠየቀው? ሰው ለወዳጁ ሲል ግማሹን ይተዋል፤ ሽቦ ለማንም ብሎ የሚተወው ነገር የለውም።

ዕቃዋ ከዐረብ አገር ለእረፍት በምትመለስ ሌላ ልጅ እጅ መጣች። ገመዱን ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሠራሁት፤ ንጹሕ ሥራ ነበር፣ አሁንም አላፍርበትም። ለመላኪያው የቤት ደወል መጫኛ ገጠምኩለት። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እጫናለሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አይረሳኝም። ኮምፒውተሩ ላይ ሰማያዊ መስኮት ተከፈተ፤ ከላይ ወደ ታች ቢጫ ነጠብጣብ እንደ ካፊያ ይወርዳል። ካፊያው ውስጥ ቀጥ ያለ ቢጫ መስመር ሲመጣ እሱ ሰው ነው። ወዳጄ መስመሩን በጣቱ ነካው፤ ወዲያው ከታች ፊደል መንጠባጠብ ጀመረ። እኔ የፈረንጁን ፊደል አላነብም። ወዳጄ ግን ትንፋሹን ያዘ። «እሱ ነው» አለ። «እኔን ነው የሚጠራ። ይኼው የኔ መጥሪያ!» እያለ በአየር ላይ ስሙ የሆነውን ፊደልና ቁጥር አሳየኝ። ሦስት ጥርስ እንዳለው ማበጠሪያ የመሰለ ፊደል፣ ቀጥሎ ቆብ የደፋ ምሰሶ፣ ቀጥሎ ቁጥርና ሌሎች። መልኩን ያዝኩት። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ነበረች፤ እሷን ማንም ያውቃታል።

ወዳጄ በሁለት ጣቱ መልሱን ጻፈ። «ቢስሚላህ፣ ተጫን!» አለኝ። ተጫንኩ።

ኮምፒውተሩ ደነዘዘ። መስኮቱ ላይ ያለችው ቀስት ባለችበት ቆመች፤ ከሬዲዮው ንብ እንደገባበት ቅል እምምም የሚል ነገር ወጣ። ለቀቅሁ። ትንሿ ዕቃ ጠፍታ ነበር፤ ኮምፒውተሩ አላውቃትም አለ። ነቅለን ሰካናት፤ ተነሣች። ካፊያው ወረደ፤ ያ ሰው እንደገና ይጠራል። ጻፍን፤ ተጫንኩ፤ ደነዘዘ።

«አብሽር» አልኩት። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ።»

ያደረግሁት ሁሉ ቢጻፍ ያስቃል። ገመዱን በብርማ ወረቀት ጠቀለልኩት። አሳጠርኩት። የሬዲዮውን ጉልበት ቀነስን። ደጁ ላይ ብረት ተክዬ፣ ሽቦ አስሬ፣ መሬቱ እንዲርስ በየጊዜው ውኃ አፈስበት ነበር። ውኃ ቀድታ የምታልፍ ጎረቤት አየችኝና እንስራዋን እንደተሸከመች ቆመች።

«ኧረ ሸሁ፣ ብረት አጠጥተው ማን አበቀለ?»

«ካበቀለ ማረሻ አወጣልሻለሁ» አልኳት።

ጉምምታው ትንሽ ቀነሰ። መደንዘዙ አልቀነሰም። ኮምፒውተሩ የሚያየውን ያያል፣ የሚቀበለውን ይቀበላል፤ መልስ ለመስጠት ሲነሣ ከሬዲዮው የሚወጣው ጉልበት በገመዴ ተመልሶ መጥቶ ያንቀዋል። ወዳጄ የሚጠራውን እያየ መመለስ የማይችል ሰው ሆነ፤ በአፉ እንዳይመልስለት የዚያኛውም ጆሮ ተዘግቷል። መስማት የተሳነው ሰው ይህን ያህል አይጎዳም፤ የተጠራው ሰው አልሰማም ብሎ ያርፋል። እሱ ግን እያነበበ ነበር።

በአንዱ ቅዳሜ ያነበበልኝን አልረሳውም። «የአንተን የሚመስል መስመር አያለሁ። ይመጣል፣ ይሰበራል። የሚነበብ ፊደል ግን የለውም። አንተ ነህ?»

ወዳጄ ኮምፒውተሩን ትቶ፣ ባዶ እጁን በሬዲዮው ፊት አወዛወዘ። «እኔ ነኝ እኮ» አለው በአማርኛ። «እኔ ነኝ።»

አንባቢ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ ትልቁን ሳጥን ለምን ያን ጊዜውኑ አላስላካችሁም? ይኼው ነው የሚያንገበግበኝ። እርቅ ማፍረስ ነውር ነው። ፋቲሐ የተቀራበትን ነገር፣ «ያ የተስማማንበት ነገር አልሆነም፤ አንቺ ነበርሽ ልክ» ብሎ መመለስ አባትን ከልጁ ፊት ማሳነስ መሰለኝ። እሱም፣ «ሽማግሌውን አላሳፍርም» ብሎ አልጠየቀም። እኔም፣ «አባትየውን አላሳፍርም» ብዬ አላነሣሁም። ልጅቱ ስትደውል፣ «እንዴት ነው?» ትላለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ያነባል» እላታለሁ። እውነቴን ነበር፤ ያነባል።

ክረምቱ እንዲህ እየተከባበርን ገፋ። ሐምሌ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት የቀረሁባቸው ቅዳሜዎች አሉ። ነሐሴ ውስጥ ግን ወዳጄ ዓሣውን ሳይበላ ማስቀመጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ወርጄ ለልጅቱ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ለቅሶ የሰማሁ መሰለኝ። ኋላ ላይ፣ «አጎቴ፣ ፋቲሐ የቀራነው እኛ እንዳንጣላ ነው እንጂ ለሽቦው ነው እንዴ?» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ሳጥኑን ገዛች። የዚያንም ሽማግሌ አድራሻ በኢንተርኔት ፈልጋ ስለ አባቷ ጻፈችለት፤ መልስ አልመጣም። አድራሻው የቆየ ይሆናል፤ ወይም እንደኛ ኢንተርኔቱን የሚከፍትለት ልጅ ይጠብቅ ይሆናል። ሳጥኑ ደግሞ የሚያመጣው መንገደኛ መጠበቅ ነበረበት።

ሳጥኑ መንገድ ላይ እያለ ያ ቅዳሜ ደረሰ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ጭቃው መድረቅ ጀምሮ፣ ከጓሮው የአደይ ሽታ እየመጣ ነበር። ቢጫው መስመር እንደ ወትሮው ቆመ። ወዳጄ እያነበበ፣ ቀስ እያለ ለእኔ ያወርድልኝ ነበር። «የዛሬው የመጨረሻዬ ነው ይላል። ንቦቹን ለጎረቤት ሰጠሁ ይላል። የምትሰማኝ ከሆነ፣ ያ የሚሰበረው መስመር አንተ ከሆንክ፣ ስለ ኮሶው አበባ የነገርከኝን ለልጅ ልጆቼ ነግሬያለሁ ይላል።»

እጄ ደወሉ መጫኛ ላይ ነበር። ወዳጄ ቀስ ብሎ እጁን እጄ ላይ ጫነና አነሣልኝ።

«ተወው ሸሁ። ብንጫን የሚጽፈውን እናቋርጥበታለን። እስኪጨርስ እንስማው።»

ጨረሰ። መስመሩ ትንሽ ባዶውን ቆመ፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው እንደሚቆመው። ከዚያ ካፊያው ብቻ ቀረ።

ሳጥኑ ከመስቀል በኋላ መጣ። ጥቁር ነው፤ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ወዳጄ ጋ ከማድረሴ በፊት ሱቄ ውስጥ አራቱን ብሎን ፈታሁ፤ የጠጋኝ አመል ነው፣ ሆዱን ያላየሁትን ነገር ለሰው አልሰጥም። ከፈትኩት፤ እጄም እዚያው ቀረ። መሐሉ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው ሁለት ጥቅል ሽቦ፣ ሳይነካኩ፣ ድምፁን ብቻ የሚቀባበሉ። ባለሱቁ «ይለያየዋል» ያለው እነሱን ነው።

እኔ እነዚህን ዐውቃቸዋለሁ። የድሮ ሬዲዮ ሁሉ ሆዱ ውስጥ አለው። ሬዲዮው ሲሞት አውጥቼ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ እጥላቸው ነበር። ቆርቆሮው ከመደርደሪያዬ በላይ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ያን ገመድ ስሠራና ስፈታ ከራሴ በላይ ነበር። አወረድኩት፤ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። አቧራ ለብሰው ተንከባለሉ። ሳጥኑም ባይመጣ፣ ልጅቱም ገንዘብ ባታወጣ፣ ከእነዚህ ሁለቱን ገመዱ መሐል ባገባቸው ያ ሰው ያየው የነበረው ስብርባሪ መስመር ፊደል በሆነ ነበር። «ይለያያቸዋል ትላለች» ብዬ በራሴ አፍ ጮኬ ነበር እኮ። ለወዳጄ አደረስኩት እንጂ ለራሴ አልሰማሁትም። የመለያየትን ነገር ሳነሣ ልቤ ያለው የሰዎቹ መታረቅ ላይ ነበር።

ሳጥኑን ገጠምነው። ጻፈ። ሳጥኑ ራሱ ይጫናል፤ የኔ ደወል መጫኛ ሥራ ፈታች። ኮምፒውተሩ አልደነዘዘም። ወዳጄ መጀመሪያ የጻፈው የዚያን ሽማግሌ መጥሪያ ነው። ጠበቅን። ደግሞ ጻፈ። ሌላ ሰው መጣ፤ ከየት እንደሆነ ነገረን፣ ምልክታችሁ ጥሩ ነው አለን። ወዳጄ በትሕትና አመሰገነው፤ ስሙንም፣ የአየሩንም ሁኔታ ጻፈለት።

«አየህ፣ ይሠራል» አለኝ ሲጨርስ።

«አፉ በለኝ» አልኩት። በግራ ጆሮው ነው ያልኩት። እሷም ያን ጊዜ ደክማ ነበር፤ ሰማኝ አልሰማኝ አላውቅም። ዓሣውን ግን ወደኔ ገፋልኝ። «ብላ» አለኝ፤ «ለእኔ ብቻ ነው እንዴ ያመጣኸው?»

አሁንም ቅዳሜ እወጣለሁ። አሁን ከብዙ ሰው ጋር ይጻጻፋል፤ ልጅቱ ስትደውል «ይጽፋል» እላታለሁ፣ እሷም ደስ ይላታል። ግን ማንንም ከመጥራቱ በፊት የዚያን ሰው መጥሪያ አንድ ጊዜ ይጽፋል፤ ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። እኔ ማንበብ አልችልም ብያለሁ። ግን ከጎኑ ሆኜ በሚወርደው ካፊያ ውስጥ የወዳጄን መጥሪያ፣ ያን ማበጠሪያና ያን ባለ ቆብ ምሰሶ እፈልጋለሁ፤ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክቷ ካለች እሷንም።